ተራ ቁጥር አሥራ አራት

አመተ ሥላሴ «የለም» የምትለውን ቃል በታይፕ ለመምታት ሩብ ሰዓት ፈጀባት።

ልጅቷ እንዲህ አልነበረችም። ቢቸና ውስጥ በምትሠራበት የአውራጃ መሥሪያ ቤት ከእሷ ፈጥኖ የሚጽፍ እንደሌለ አለቆቿ ሳይቀሩ ያምናሉ። የታይፑን ድምፅ ከኮሪደሩ የሰማ ባለጉዳይ ዝናብ የጀመረ መስሎት ጃንጥላውን ያዘጋጃል እየተባለ ይቀለድባት ነበር። በዚያ በሚያዝያ 1975 ዓ.ም. ጠዋት ግን ጣቷ ቁልፉ ጋ ይደርስና ይመለሳል።

ከፊቷ የተዘረጋው በሰማያዊ እስክሪብቶ የተሞላ ቅጽ ነው። ራስጌው ላይ «ጥብቅ ምስጢር» የሚል ቀይ ማኅተም አርፎበታል። የመሥሪያ ቤቱ የሬዲዮ ክፍል አንድ ሠራተኛ ፈልጓል። ከክፍለ ሀገርና ከአዲስ አበባ የሚመጣው መልእክት ሁሉ በዚያ ሰው ጆሮ ስለሚያልፍ ማንም ዘው ብሎ አይቀጠርም። የት እንደተወለደ፣ ከማን ጋር እንደሚውል፣ መጠጥ ማብዛት አለማብዛቱ፣ የሰው ገንዘብ ያለበት መሆን አለመሆኑ ይጣራል። አመልካቹ በእጁ የሞላውን ቅጽ በሦስት ቅጂ በታይፕ ማውጣት ደግሞ የአመተ ሥላሴ ሥራ ነው።

የአመልካቹ ስም፦ ደምለው ወልደ ኪዳን። ዕድሜ፦ ሃያ ስድስት። አድራሻ፦ ሞጣ። የአሁን ሥራ፦ የስልክ ኦፕሬተር።

ይህን ሰው አመተ ሥላሴ ከማንም አስበልጣ ትወደዋለች። መጀመሪያ የወደደችው ድምፁን ነው። ለመሥሪያ ቤቱ ጉዳይ «ሞጣ፣ ሞጣ፣ ቢቸና ነኝ» እያለች ስትጣራ «አቤት ቢቸና» የሚላት እሱ ነበር። ያቺን «አቤት» ለመስማት ስትል የማያስፈልግ ስልክ መደወል ከጀመረች በኋላ ነው ነገሩ ለራሷም የገባት። መልኩን ያየችው ከአምስት ወር በኋላ ነው፤ የድምፁን ያህል ባያምርም አልተከፋችም። ከዚያ ወዲህ ዓመት ተኩል ሙሉ በደብዳቤ ይነጋገራሉ። ስልኩን መሥመር ላይ ያለ ሰው ሁሉ ስለሚሰማው ለፍቅር አይሆንም።

እስከ አሥራ ሦስተኛው ጥያቄ ድረስ ፈገግ እያለች ጻፈች። «ቁመት፦ አንድ ሜትር ከሰባ አምስት» የሚለው ላይ ስትደርስ ሦስት ጣት ያህል መጨመሩን ስለምታውቅ ከንፈሯን ነከሰች። ቀጥሎ ተራ ቁጥር አሥራ አራት መጣ። «ከግለሰብም ሆነ ከድርጅት የተበደሩት ዕዳ አለብዎት? ካለ መጠኑና የአበዳሪው ስም ይገለጽ።» ከሥሩ፣ ወደ ቀኝ በሚያጋድለው የደምለው ጽሕፈት፣ አንዲት ቃል ተቀምጣለች፦ «የለም»።

ፈገግታዋ ጠፋ። እቤቷ፣ ከልብስ ሣጥኗ ግርጌ፣ በጥር ወር የጻፈላት ደብዳቤ አለ። ቃል በቃል ታስታውሰዋለች።

«አመቴ፣ ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከእኔው ስሚው። የአባቴን ተዝካር አወጣሁ። አንድ በሬ አረድኩ፣ አራት በግ ጨመርኩ፣ ጠላው ሁለት ቀን ተጠጥቶ አላለቀም። ካህናቱ ከየደብሩ መጥተው ነበር፤ አባትሽም ሳይቀሩ መጥተው ፍትሐቱ ላይ ቆመዋል። አባቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እየሸመነ የሞጣን ሰው ሲያለብስ፣ ከቤቱ ገብቶ ቁጭ ያለለት ጨዋ አልነበረም። ሁሉም ከደጅ ጥበቡን ተቀብሎ ከደጅ ይመለስ ነበር። ከሞተ በኋላ እንኳ ቁጭ ይበሉለት ብዬ ነው። ገንዘቡን ከእትዬ አገሬ ወሰድኩ፤ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ብር። ወረቀት አልተጻጻፍንም። ጊዮርጊስ ደጃፍ ቆሜ ማልሁላቸው። በወር ሁለት መቶ ሠላሳ ብር የሚከፈለው ሰው ይህን ማድረጉ እብደት ነው ትይኝ ይሆናል። ነው። ግን እወቂልኝ።»

ያን ቀን ደብዳቤውን ይዛ አልቅሳለች። ዕዳውን አልወደደችለትም፤ ዕዳውን የነገራትን ሰው ግን ከበፊቱ አብልጣ ወደደችው።

ለምን እንደዋሸም ታውቃለች፤ እሱ ነው የሚያናድዳት። አባቷ መሪጌታ ወልደ ሰንበት ቁርጡን ተናግረዋል። «ሞጣ ተቀምጦ ልጄን ከቤቴ ነቅሎ የሚወስዳት ሰው አልፈልግም» ነበር ያሉት። «እዚሁ ቢቸና የታወቀ ሥራ ይያዝ። የሰው እጅ የማያይ፣ ራሱን የቻለ ይሁን። ያን ጊዜ ሽማግሌ ቢልክ አላባርርም።» የሸማኔ ልጅ የሚለውን ቃል አልተናገሩም፤ ሳይናገሩትም ቤቱን ሞልቶት ነበር። የሬዲዮ ክፍሉ ሥራ ማለት እንግዲህ ለደምለው ሥራ ብቻ አይደለም፤ ቢቸና ነው፣ ሽማግሌው ነው፣ እሷ ናት።

እሷም ብትሆን ነጻ አይደለችም። ከሦስት ዓመት በፊት ስትቀጠር ሁለት ነገር ፈርማለች። አንደኛው፣ በታይፑ ሥር ያለፈውን ምስጢር ለማንም እንዳትናገር። ሁለተኛው፣ በእጇ የሚያልፍ ሰነድ ሐሰት መሆኑን እያወቀች ብትደብቅ እንደምትጠየቅ። በዚያ ዘመን «ትጠየቂያለሽ» ማለት ምን እንደነበር ያየ ያውቀዋል፤ ላላየው አላስፈራራውም።

በመጨረሻ መታችው። የለም። በሁለት ካርቦን ተላልፎ ውሸቱ ሦስት ሆነ። ከግርጌው «አመሳክሬ ጻፍሁ» በሚለው መሥመር ላይ ስሟን ፈረመች። ከዚያ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ስለ ቅጹ አንዳች ሳታነሳ፣ አጭር ደብዳቤ ጻፈችና ለሞጣው አውቶቡስ ሾፌር ሰጠች።

«ደምለው፣ የእትዬ አገሬ ነገር ከምን ደረሰ? ከፈልክ ወይስ አልከፈልክም? ቁርጡን እስክታሳውቀኝ ሌላ ነገር አትጻፍልኝ። አመተ ሥላሴ።»

ሁልጊዜ ከስሟ በፊት የምታስቀምጣትን «ያንተዋ» የምትል ቃል በጥድፊያ ረስታት ነበር። ትዝ ያላት አውቶቡሱ ከሄደ በኋላ ነው።

*

ሰው ለሚወደው ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ ብልህ ነው፤ የተጻፈለትን ሲያነብ ግን ጅል ይሆናል። ደምለውም ከዚህ አላመለጠም። ሞጣ፣ ከስልክ ማገናኛው ፊት ተቀምጦ፣ አራቱን መሥመር አሥር ጊዜ አነበበ። መጀመሪያ ያየው «ያንተዋ» አለመኖሯን ነው።

«የአባቷ ልጅ ሆነች» አለ። በጥር ልቡን ከፍቶ የነገራት ነገር ዛሬ እንደ አበዳሪ ማስጠንቀቂያ ተመለሰለት። በዚያው ሰዓት ቢቸና ትጣራ ነበር፤ «ሞጣ፣ ሞጣ» የሚለው ድምፅ የአመተ ሥላሴ እንደሆነ አውቆ መሥመሩን ለባልደረባው አሳለፈ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ አልመለሰላትም። ስለ ተራ ቁጥር አሥራ አራት አንድ ጊዜም አላሰበም። ቅጹን ሲሞላ ለራሱ የሰጠው ምክንያት ነበረው፦ መንግሥት የሚጠይቀው የወረቀት ዕዳ ነው፣ የእኔ ዕዳ የመሐላ ነው፣ መሐላውም ከጊዮርጊስ ጋር ነው። ምክንያቱን ሲያወጣው እሱም እንዳላመነው እናውቃለን፤ ያመነ ሰው ቅጹን ሞልቶ ሲያበቃ በላብ አይጠመቅም።

ለቃለ ምርመራ ቢቸና የተጠራው ለሐሙስ ነው። ማክሰኞ ዕለት በገበያው በኩል ሲያልፍ እትዬ አገሬ ከበርበሬ ጆንያቸው መካከል ሆነው ተጣሩ። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ሞጣ ውስጥ በርበሬ በመነገድና ሰውን ፊት ለፊት በመናገር የታወቁ ሴት ናቸው።

«ና እስቲ ወዲህ፣ አንተ የወልደ ኪዳን ልጅ!»

«እንዴት ዋሉ እትዬ አገሬ? ገንዘቡን እኮ በዚህ ወር—»

«ገንዘቡን ማን ጠየቀህ? ቁጭ በል።» በጎናቸው ያለውን ባዶ ጣሳ ገፋ አድርገው ቦታ ሰጡት። «ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው መጥቶ ነበር። ኮት የለበሰ፣ አነጋገሩ ለስለስ ያለ፣ የአገራችን ሰው አይደለም። የበርበሬ ዋጋ ጠየቀኝና ሳይገዛ ቆመ። ቀጥሎ ያንተን ነገር ጠየቀኝ። ገንዘብ አበድረውት ነበር ወይ አለኝ።»

ደምለው ወደ እሳቸው ተጠጋ። «ምን አሉት?»

«ምን እለዋለሁ? ልጁ እንጀራ ሊያገኝ ነው ብዬ፣ ምንም የለበትም አልኩታ። ዓይን ዓይኔን እያየ፣ እርግጠኛ ነዎት እናቴ? አለኝ። በጊዮርጊስ! አልኩት።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ይኸውልህ ልጄ፣ አርባ ዓመት ስነግድ ሚዛኔን አጋድዬ አላውቅም። አንተ በጊዮርጊስ ደጃፍ የማልህልኝን፣ እኔ በዚያው በጊዮርጊስ ስም ካድሁልህ። ንስሐ አባቴ ሲጠይቁኝ ምን ልበላቸው? ገንዘቤ ይቆይ፣ ግድ የለኝም። ይቺን ግን ለእኔ አታስቀምጥብኝ።»

ደምለው ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም። አባቱን ለማክበር ያወጣው ተዝካር አንዲት ባልቴትን በሐሰት አስምሏል። ወዲያው ሌላ ነገር ጭንቅላቱን መታው። ቅጹን ቢቸና በታይፕ የሚጽፈው ማነው? በመላው መሥሪያ ቤት ያለችው የምስጢር ጸሐፊ አንዲት ናት። ያቺ አጭር ደብዳቤ የአበዳሪ ማስጠንቀቂያ አልነበረችም፤ አፏን የታሰረች ሴት በቀረላት ቀዳዳ ያሰማችው ጩኸት ነበር። እሱ ደግሞ ዘጠኝ ቀን አኮረፈባት። እያወቀች «የለም» ብላ ጽፋለታለች፣ ከሥሩም ፈርማለች።

«እትዬ አገሬ፣ የካዱልኝን እኔ አነሳዋለሁ» አለ፣ ብድግ ብሎ። «ሥራው ይቅር። ገንዘብዎንም እከፍላለሁ።»

«ሥራው እንዲቀር አላልኩህም!»

«እኔ ነኝ ያልኩት።»

በማግስቱ በደብረ ወርቅ በኩል ቢቸና በሚገባው አውቶቡስ መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ አቧራውን እየዋጠ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ሲለማመድ ዋለ። አንድ ነገር ብቻ ወስኗል፦ የራሱን ሁሉ ይናገራል፣ የእሷን ስም ግን አያነሳም። የወንድ ልጅ ፍቅር ማለት ይህ ነው ብሎ አስቦ፣ እውነቱን ለመናገር፣ በራሱ ትንሽ ኮራ።

*

አመልካቾችን የሚያጣራው ጓድ ሣህለ ማርያም ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነበር፤ መሥሪያ ቤቱ የሚፈራውም በዚህ ነው። ከሌላ ክፍለ ሀገር ተዛውሮ ከመጣ ሁለት ዓመቱ ነው። ለምርመራ ሲቀመጥ የእጅ ሰዓቱን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ያኖራል። ቃለ ጉባኤውን ደግሞ በክፍሉ ጥግ ካለው ትንሽ ጠረጴዛ አመተ ሥላሴ በታይፕ ትይዛለች።

ደምለው ሲገባ አመተ ሥላሴ ቀና አላለችም። ዘጠኝ ቀን መልስ ያልመጣለት ሰው ልብ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ተቆጥቶ ቀረ፣ አሁንም «የለም» ሊል ነው፣ እኔም እጽፈዋለሁ እያለች ነበር። ከዚያ አልቻለችምና አየችው። አቧራ የጠገበ ኮት፣ እንቅልፍ ያጣ ዓይን። ደምለው ከአንገቱ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣት፤ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው የሚነሣውን ዓይነት። ምን ለማለት እንደፈለገ ባታውቅም ደረቷ ላይ የተጫነው ነገር ትንሽ ቀለለላት።

«ጓድ ደምለው፣ ቅጽህን አንብቤዋለሁ» ብሎ ሣህለ ማርያም ሊጀምር ሲል ደምለው አቋረጠው።

«ጓድ፣ ከመጀመርዎ በፊት አንድ ነገር ልናገር። ተራ ቁጥር አሥራ አራት ውሸት ነው። ዕዳ አለብኝ። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ብር፣ ከወይዘሮ አገሬ የተበደርኩት። እሳቸው የለበትም ያሉት ለእኔ አዝነው ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ታይፑ ቀጥ አለ።

«ጻፊው» አለ ሣህለ ማርያም ወደ ጥጉ ሳይዞር። ታይፑ ተንቀሳቀሰ። «ለምን ተበደርክ?»

«ለአባቴ ተዝካር።»

«ለምን ደበቅክ?»

«ሥራውን ፈልጌ። ዕዳ ያለበት አያልፍም ሲሉ ሰማሁ። ደግሞም አፈርኩ። ለሥጋና ለጠላ የሰው ገንዘብ ያወጣ ሰው ተብዬ ከመሥሪያ ቤቱ መሳቂያ መሆን አልፈለግሁም።»

ሣህለ ማርያም ሰዓቱን በጣቱ አዞር አዞር አደረገው። «ሞጣ ሄጄ ነበር። ስለ ተዝካርህ ያልነገረኝ ሰው የለም። ግማሹ የበሬውን ቀለም ሳይቀር ያስታውሳል። በሁለት መቶ ሠላሳ ብር ደመወዝ በሬና አራት በግ እንደማይታረድ ለማወቅ የሂሳብ ሊቅ መሆን አያሻም። ወይዘሮዋም ሲምሉ እጃቸው በርበሬው ውስጥ ይንቀጠቀጥ ነበር።» ቀና አለ። «ዛሬ 'የለም' ብለህ ቢሆን ኖሮ ከዚህ የምትወጣው በገባህበት በር አልነበረም።»

ደምለው በሩን ዞር ብሎ አየ።

«ስማኝ። ዕዳ ነውር አይደለም። እኔም የልጆች ትምህርት ቤት ዕዳ አለብኝ። ዕዳ ያለበትን ሰው የምንፈራው አንድ ቀን ገንዘብ ይዞ የሚመጣ ሰው እንዳይገዛው ነው። ተናግሮ ቢሆን ግን በወር ስንት ትከፍላለህ፣ እስከ መቼ ትጨርሳለህ ብለን ተነጋግረን እናሳልፈው ነበር። የደበቀውን ግን ምን እናድርገው? የደበቅከውን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያዝዝሃል። ዛሬ ወይዘሮ አገሬ፣ ነገ ሌላ። የአገር መልእክት በጆሮው የሚያልፍ ሰው ደግሞ ሌላ አዛዥ ሊኖረው አይችልም።»

«ገብቶኛል ጓድ።»

«እንግዲያው የመጨረሻው ጥያቄ።» ድምፁ አሁንም አልከረረም። «ከዚህ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች መካከል ይህን ዕዳ ቀድሞ የሚያውቅ አለ?»

ደምለው በአውቶቡስ ሲለማመድ ይህን ጥያቄ አላሰበውም ነበር። አዎ ካለ እንጀራዋን ብቻ አይደለም የሚቆርጠው። ያቺን «እጠየቃለሁ» ብላ የፈረመችባትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ያወጣታል። ወደ ጥጉ ላለማየት አንገቱን አጠነከረ። ለመጨረሻ ጊዜ፣ ለእሷ ሲል፣ ያቺኑ «የለም» የምትል ቃል ሊናገር አፉን ከፈተ።

ከጥጉ የታይፕ ድምፅ ተሰማ። ማንም ሳይናገር ታይፑ ይጽፍ ነበር። ሣህለ ማርያም ዞሮ አየ።

«ምን እየጻፍሽ ነው?»

አመተ ሥላሴ መሥመሩን ጨረሰች፣ ወረቀቱን አንድ ጊዜ ወደ ላይ ገፋችው፣ ተነሥታ ቆመች። ድምፅዋ እንደ ሁልጊዜው ጥርት ያለ ነበር።

«የራሴን ቃል ነው ጓድ። እንዲህ ይላል። 'እኔ አመተ ሥላሴ ወልደ ሰንበት ይህን ዕዳ ከጥር ወር ጀምሮ አውቃለሁ። ቅጹን እያወቅሁ ጽፌ ፈርሜበታለሁ። አመልካቹ የምወደው ሰው ነው።' ከፈለጉ አሁን ልፈርምበት።»

«አመቴ!» አለ ደምለው።

እሷ ወደ እሱ አላየችም። የምታየው የሣህለ ማርያምን ፊት ነበር። ዕድሜ ልኳን አባቷን፣ አለቃዋን፣ የጎረቤቱን ዓይን ስትፈራ ኖራ፣ በሕይወቷ ትልቁን ነገር በተናገረችበት ሰዓት ፍርሃቱ የት እንደሄደ ራሷም ገረማት።

ሣህለ ማርያም ሰዓቱን አንሥቶ እጁ ላይ አሰረ። «ፈርሚ» አለ በመጨረሻ። ፈረመች። ወረቀቱን ወስዶ አነበበና እስክሪብቶውን አወጣ። «ጓድ ደምለው ለሬዲዮ ክፍሉ አላለፍክም። ከዓመት በኋላ ዕዳህን ከፍለህ፣ ደረሰኝህን ይዘህ ብትመለስ ቅጹ አይከለከልም። በሞጣ ሥራህ ላይ የምጽፈው ነገር የለኝም። ጓዲት አመተ ሥላሴ ከነገ ጀምሮ ምስጢር አትጽፊም፤ መዝገብ ቤት ትወርጃለሽ። የግማሽ ወር ደመወዝሽ ይቀጣል። ከዚህ በላይ መጻፍ እችል ነበር።» እስክሪብቶውን ከደነ። «ሁለታችሁም ሳልጠይቃችሁ ስለተናገራችሁ አልጻፍኩም። ውጡልኝ።»

*

ከመሥሪያ ቤቱ ግቢ የባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ቆሙ። ደምለው ኮቱን አውልቆ በእጁ ይዞ ነበር።

«ለምን?» አላት። «ላድንሽ ነበር እኮ። አንዲት ቃል ነበር የቀረችኝ!»

«አውቃለሁ። ስትከፍት አየሁት አፍህን።» አሁን ነው እንባዋ የመጣው። «በውሸት ነበር የምታድነኝ? ከዚያ ወዲያ እያንዳንዷን ቀን የሚያውቅብን ሰው ይመጣ ይሆን እያልኩ ልኖር ነበር? እኔ የወደድኩት በጥር ደብዳቤ የጻፈልኝን ሰው ነው፣ ደምለው። ቅጹን የሞላውን ሰው አላውቀውም። ጠዋት በር ላይ ስታየኝ ያ የጥር ወር ሰው ተመልሶ የመጣ መሰለኝ። እንደገና እንዳይሄድብኝ ነው የተናገርኩት።»

«ዘጠኝ ቀን አኩርፌሽ ነበር።»

«ስልኩን ለባልደረባህ ስታሳልፍ ሰምቼሃለሁ። እሱን ሌላ ቀን ትከፍለኛለህ።»

ሳቀ። እሷም በእንባዋ መሃል ሳቀች። ከዚያ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና መንገዱን ያዘች።

«ወዴት ነው?»

«ወደ አባባ። ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኛ ይስሙት።»

መሪጌታ ወልደ ሰንበት ከቤታቸው በረንዳ፣ ከድንጋዩ መደብ ላይ፣ ፀሐይ እየሞቁ የዳዊታቸውን ማኅደር ጠፍር ያጠብቁ ነበር። ልጃቸው በሥራ ሰዓት ከደምለው ጋር ስትመጣ አዩ፤ እጃቸው ጠፍሩ ላይ ቆመ። ደምለው ከደጁ ቆሞ እጅ ነሣ። አባቱ የዚህን አገር ጨዋ ሁሉ ጥበብ ሲያስረክብ የኖረው እንዲህ ከደጅ ቆሞ ነው።

«ሥራው ተሰጠህ?» አሉት።

«አልተሰጠኝም የኔታ።»

«ለምን?»

«የሰው ገንዘብ አለብኝ። የለብኝም ብዬም ዋሽቻለሁ። ልጅዎንም በእኔ ምክንያት ከሥራዋ ዝቅ አድርገዋታል።»

የመሪጌታ ፊት ጨለመ። «የምን ገንዘብ ነው?»

«የአባቴ ተዝካር ነው። ሽማግሌ ለመላክ አልመጣሁም። በዓመት ከፍዬ ስጨርስ እመጣለሁ። ቢያባርሩኝም እመጣለሁ።»

አመተ ሥላሴ ከጎኑ ቆመች። «ዕዳው የሁለታችን ነው አባባ። እሱ በወር ስድሳ ብር፣ እኔ አርባ። በዓመቱ ያልቃል። እስከዚያ ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ ሊድሩኝ እንዳይሞክሩ፤ አላገባም።»

እንዲህ ስትናገራቸው ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። መሪጌታ ተቆጥተው ሊነሡ ጠፍሩን ወረወሩት። ግን አልተነሡም። ዓይናቸው ደምለው ላይ፣ ከደምለውም አልፎ ሌላ ቦታ ቆየ። የሞጣው ተዝካር፣ ያ ድንኳን፣ ያ ሁሉ ካህን ትዝ ብሏቸው ነበር።

«ያ ሁሉ በብድር ነበር?» አሉ ቀስ ብለው።

«አዎ የኔታ።»

«እኔ ያን ቀን ሥጋውን ሁለት ጊዜ አስጨምሬአለሁ።» ጺማቸውን በእጃቸው ያዙ። «ሁለት ጊዜ። ስወጣ ደግሞ ለሟቹ ነፍስ ይማር ሳልል ነው የወጣሁት፤ የሸማኔ ቤት ነው ብዬ።»

መሪጌታ ማኅደራቸውን አንሥተው ጭናቸው ላይ አኖሩት። ከዚያ በመደቡ ላይ ወደ ግድግዳው ጠጋ አሉ፤ በጎናቸው የአንድ ሰው ቦታ ተከፈተ።

«ሽማግሌ ላክ አላልኩህም» አሉ። «ዓመቱ ሲደርስ እናያለን። አሁን ግን ቁጭ በል።»

ደምለው ቁጭ አለ። አመተ ሥላሴ ከደጁ ቆማ ሁለቱን አየቻቸው። ነገ መዝገብ ቤት አቧራ ውስጥ እንደምትገባ፣ ከደመወዟ ግማሹ እንደተቆረጠ፣ ዓመት ደግሞ ረጅም እንደሆነ ታውቃለች። እንደዚያ ቀን ያለ ደስታ ግን ዕድሜዋን ሙሉ አላየችም።